ከውጭ ብቻ የሚከፈት መቀርቀሪያ

በእጄ ከሠራኋቸው ነገሮች ሁሉ እንደዚያ መቀርቀሪያ የኮራሁበት የለም። ጉድ የሠራኝም እሱው ነው።

ሚኒሶታ፣ ኩን ራፒድስ በምትባል ከተማ ውስጥ የከብት በረትና የግቢ በር በሚያመርት አንድ ወርክሾፕ ለዓመታት በብየዳ ሠርቻለሁ። በፈረንጅ አቆጣጠር ሁለት ሺህ አሥራ ስምንት ገደማ አለቃዬ ፊቱን ወደ አሳማ ወጥመድ አዞረ። ቴክሳስና አካባቢው፣ ከቤት አምልጦ የጫካ የሆነ አሳማ ማሳውን እየገለበጠ ገበሬውን ስላስመረረው፣ የወጥመድ ገበያ ደርቶ ነበር። እኛ ሚኒሶታ ቁጭ ብለን፣ የዓመቱን ግማሽ በረዶ እየዛቅን፣ በዓይናችን አይተነው ለማናውቀው አሳማ እስር ቤት እንሠራለን። እኔ ደግሞ አሳማ እንኳን ልበላ ስሙን ስጠራ ምራቄን እንትፍ እያልኩ ያደግሁ ሰው ነኝ። ጠዋት ወርክሾፑ ስገባ አማትቤ ነበር ሥራ የምጀምረው።

ወጥመዱ ረጅም የብረት ሳጥን ነው፤ ግድግዳው፣ ጣሪያው፣ ወለሉም ሳይቀር ፍርግርግ። ጣሪያው አሳማ አንዱ በአንዱ ላይ ወጥቶ እንዳይዘል ነው፤ ወለሉ ደግሞ ቆፍሮ እንዳያመልጥ። ሰው ሳይጎነበስ ገብቶ እንዲያጸዳው ብዬ ቁመቱን ከፍ አድርጌዋለሁ። በሩ ከላይ ተንጠልጥሎ ይቆያል፤ ከኋላ ጥግ ላይ ቀጭን ሽቦ ይወጠራል። አሳማው ገብቶ ሽቦውን ሲገፋ በሩ ከላይ ዱብ ይላል። እስከዚህ ድረስ ማንም የሚሠራው ነው። ችግሩ አሳማ ሞኝ አለመሆኑ ነው። በሩ ከወረደ በኋላ አፍንጫውን ከሥር ሰድዶ ወደ ላይ ያነሳዋል። እኔ ያንን ነው የዘጋሁት። በሩ መሬት ሲነካ ራሱ ጠቅ ብሎ የሚቆለፍ መቀርቀሪያ ሠራሁና በወፍራም ላሜራ ሸፈንኩት። ከውጭ ላለ ሰው ቀላል ነው፤ ወደ ላይ አንስቶ ወደ ራስ መሳብ ብቻ። ከውስጥ ግን የፈለገ ጉልበተኛ ቢመጣ ወይ ፍንክች።

ብረቱ የሥራው ግማሽ ነው፤ ግማሹ በቆሎ ነው። በቆሎው በርሜል ውስጥ በውኃ ተዘፍዝፎ እስኪኮመጥጥ ይቀመጣል፤ ሽታው የጠላ ጥንስስ ነው። የወጥመዱን በር ወደ ላይ አስሮ፣ መጀመሪያ ከውጭ፣ ቀጥሎ ደጃፉ ላይ፣ በመጨረሻ እስከ ውስጠኛው ጥግ ድረስ ይበተንላቸዋል። ገብተው፣ በልተው ይወጣሉ፤ ማንም አይነካቸውም። መንጋው በሙሉ ቤቱ እስኪመስለው ድረስ እንዲህ ይኖራል። ከዚያ በኋላ ነው ሽቦው የሚወጠረው። ተቻኩሎ ግማሹን የያዘ ሰው፣ ውጭ የቀረውን ግማሽ ሁለተኛ አያገኘውም።

ይህን በቆሎ የምዘፈዝፈው ቤታችን ጋራዥ ውስጥ ነበር። ባለቤቴ ቀን ሚኒያፖሊስ አንድ ሆስፒታል ውስጥ ሕመምተኛ ትረዳለች፤ ማታ ነርስነት ትማራለች። ንጹሕ የሥራ ልብሷን ለብሳ በጋራዡ በኩል ስትወጣ ጥንስስ ጥንስስ ትሸታለች። "ጠጥታ ሺፍት ገባች ሊሉኝ ነው እኮ!" ትለኛለች። እኔ እስቃለሁ። እሷ አብራኝ እንዳልሳቀች ያስተዋልኩት ቆይቼ ነው።

አለቃዬ መቀርቀሪያውን ካየ በኋላ ጀርባዬን መታ መታ አደረገና፣ ቴክሳስ ላይ ሁለተኛ ወርክሾፕ ሊከፍት እንደሆነ፣ ኃላፊው እኔ እንድሆን እንደሚፈልግ ነገረኝ። የዚያን ቀን መኪናውን እንዴት ነድቼ ቤት እንደደረስኩ አላውቅም። ባለቤቴ ወጥ እያማሰለች ነበር።

"ቴክሳስ ልንሄድ ነው" አልኳት።

"ማን?"

"እኛ ነና! ማን ይሄዳል ታዲያ?"

"እኔ ክላስ አለኝ። አባዬ አለ።"

"ትምህርት ቤት እዚያም ሞልቷል። አባትሽንም እንወስዳቸዋለን፤ ለጉልበታቸው ሙቀቱ ጥሩ ነው። ሁሉንም አስቤ ጨርሻለሁ።"

ማማሰያውን አስቀመጠች። "ሁሉንም አስበህ ጨርሰሃል" አለችና ምድጃውን አጠፋች። ሌላ አልተናገረችም። እኔ ደግሞ ዝምታ ሲገጥመኝ የማደርገውን አደረግሁ፤ ተነስቼ ጋራዥ ገባሁና በቆሎዬን አማሰልኩ። በማግሥቱ ከሥራ ስመለስ አንድ ሻንጣና የትምህርት መጻሕፍቷ የሉም። አፕል ቫሊ፣ አባቷ ጋ ገብታለች።

በእኛ ወግ ሚስት ተቀይማ አባቷ ቤት ከገባች ባል ሽማግሌ ይልካል። ሽማግሌዎቹ ደጃፍ ላይ ቆመው፣ የመጡበትን ሳይናገሩና ተቀመጡ ሳይባሉ አይቀመጡም። ያየሁት ሰው ሁሉ "ሽማግሌ ላክ እንጂ!" ይለኛል። እኔ ግን ኩርፊያ የሚቀናኝ ሰው ነኝ፤ ባዶ ቤት ውስጥ ከራሴ ጋር ተፋጥጬ ከረምኩ። ጠዋት ወርክሾፕ ገብቼ ሳጥን እበይዳለሁ፤ ማታ ሌላ ሳጥን ውስጥ ገብቼ እተኛለሁ። በመጨረሻ ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ለአማቴ ደወልኩና ሽማግሌ ልልክ እንደሆነ ነገርኳቸው።

"ሽማግሌ አትላክብኝ" አሉ። "እኔ ቤት ያለው ሁለት ወንበር ነው። ይልቅ ልጄን ሊያርቅብኝ ነው የተባለውን ነገር አሳየኝ። በዓይኔ ልየውና እፈርዳለሁ።"

ደስ አለኝ። ወጥመዱን ካዩት በእጄ ናቸው ብዬ አሰብኩ።

ከአፕል ቫሊ ወደ ደቡብ ወጣ ብሎ የአለቃዬ ዘመድ የሆነ ገበሬ አለ። አሳማዎቹ አጥር ጥሰው ጠፍተውበት፣ ከእርሻው ጥግ ካለው ወንዝ ዳር ጥሻ ውስጥ ገብተው አውሬ ሆነውበታል። ለመሞከሪያ አንዱን ወጥመዴን እዚያ ተክለነው ነበር፤ ገበሬውም እንዳሳየሁት በሩን አስሮ ሲቀልባቸው ሰንብቷል። አማቴን ልወስዳቸው በተቀጣጠርንበት ቅዳሜ ሰውየው ከሚስቱ ጋር ልጁን ሊጠይቅ ዊስኮንሰን ሄዶ ነበር። እኔ ሽቦውን እንድወጥር ተስማምተናል።

አማቴ ኮት ለብሰው፣ ባርኔጣ አድርገው ጠበቁኝ። ልጃቸው ሥራ ላይ ነበረች። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ከባድ መኪና ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ እዚህ መንጃ ፈቃድ ስለሌላቸው የሚነዱት ከጎን ተቀምጠው ነው። "ርቀትህን ጠብቅ! ፍሬን ላይ አትተኛ! ማርሽ ቀንስ!" ሲሉኝ ሄድን። መኪናዬ አውቶማቲክ መሆኑን ልነግራቸው አልደፈርኩም።

መኪናውን መንገድ ዳር አቁመን ስልኬን ቻርጅ ላይ እንደሰካሁ ተውኩትና፣ ሰው በሚውጥ በቆሎ መካከል አልፈን ወጥመዱ ጋ ደረስን። የበሩን ገመድ ፈታሁ፤ ሽቦውን ወጠርኩ። አማቴ ዙሪያውን እየዞሩ ብረቱን በጣታቸው እየቆረቆሩ አዩት። መቀርቀሪያውን ሳሳያቸው "ጎበዝ" አሉ። ከዚያ ሰው የምትወደውን ነገር ሲያደንቅልህ የሚመጣው ዓይነት ሞኝነት መጣብኝና፣ ውስጡንም እንዲያዩት ፈለግሁ። በቆሎውንም ጥጉ ድረስ መበተን ነበረብኝ፤ ከቤት ይዤ የመጣሁትን የተዘፈዘፈ በቆሎ ከነባልዲው አነሳሁ።

በሩ ላይ ስንደርስ አማቴ ቆም ብለው በእጃቸው ወደ ውስጥ አመለከቱኝ። "ግባ።"

"ኧረ እርስዎ ይቅደሙ።"

"ግባ እንጂ፣ ቤቱ ያንተ ነው።"

"በፍጹም! እርስዎ ቆመው እኔ?"

ይህን ሁሉ የምንባባለው የአሳማ ደጃፍ ላይ ነው። በመጨረሻ እሳቸው ቀደሙ፤ እኔ ሽቦውን እንዳይነኩ እያስጠነቀቅሁ ተከተልኩ። ጥጉ ጋ ስንደርስ አልፌያቸው ሽቦውን ከኋላዬ አድርጌ ዞርኩ፤ እሳቸው በዚያው ባልዲውን ከእጄ ያዙ።

"አምጣ፣ እኔ ልበትነው።"

"እኔ እያለሁ እርስዎ ሊሸከሙ? ኧረ ነውር ነው!"

"ልቀቅ እንጂ፣ አላረጀሁም እኮ!"

ሳብኩ። ሳቡ። እኔ ወጣት ነኝና አሸነፍኩ፤ ባልዲውን ታቅፌ ወደ ኋላ ተንገዳገድኩና ተረከዜ ሽቦው ላይ አረፈ። በሩ ዱብ አለ። ቀጥሎ ያ የምኮራበት ድምፅ መጣ። ጠቅ።

ግማሹ በቆሎ በፍርግርጉ አልፎ ወደ ውጭ ተበትኗል።

"ክፈተው" አሉ አማቴ።

"አይከፈትም።"

"እንዴት አይከፈትም? አንተ አይደለህ የሠራኸው?"

"ለዚያ ነው የማይከፈተው።"

ነገሩን ለማመን ጊዜ ወሰደብኝ። በሩን በእግሬ ረገጥኩ፤ በትከሻዬ ገፋሁ፤ እጄን በፍርግርጉ ሰድጄ አንጓዬ ላይ ተቀርቅሮ ቀረ፤ ሳወጣው ቆዳዬ ተላጠ። ጣሪያውን ሞከርኩ፣ ወለሉን ሞከርኩ። የገዛ ብየዳዬን አንድ በአንድ እየዳሰስኩ አንድ እንኳ ደካማ ባገኝ ብዬ ጸለይኩ። የለም። ጩኸቴንም ያን ሁሉ በቆሎ ዋጠው። ቁጣዬ መጣና ለማንም ሳይሆን ለብረቱ የማይደገም ስድብ ሰደብኩ። አማቴ ባልዲውን ደፍተው ተቀመጡበት።

"ስልክህስ?"

"መኪና ውስጥ ነው።"

ከደረት ኪሳቸው የራሳቸውን ስልክ አወጡ። "ፖሊስ ጋ እንደውል፣ ናይን ዋን ዋን" አልኩ።

በመነጽራቸው ላይ አሻግረው አዩኝ። "ምን ብለን? ሁለት ጥቁር ሰዎች በሰው እርሻ መሀል፣ ወጥመድ ውስጥ ነን፣ ባለቤቱም የለም ብለን?"

ፖሊሱ ቀረ። የአለቃዬ ቁጥር ያለው በእኔ ስልክ ውስጥ ነው፤ ዛሬ ቁጥር በቃሉ የሚይዝ ማን አለ? በአማቴ ስልክ ውስጥ ያሉት ደግሞ አብዛኞቹ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ናቸው። አንድ በአንድ እየጠራሁላቸው አንድ በአንድ ጣሉብኝ።

"እሱማ ከሰማ ነገ ከቅዳሴ በፊት ያልሰማ አይኖርም።"

"እሱስ? መኪና አለው።"

"ያኛው ሊያወጣን አይደለም የሚመጣው፣ ፎቶ ሊያነሳን ነው። በዚህ ዕድሜዬ አሳማ ቤት ገብቶ ወጣ ልባል? ሕዝቡ ፊት በምን ዓይኔ እቆማለሁ?"

የቀረ አንድ ስም ነበር። ሁለታችንም አውቀነዋል፤ ሁለታችንም አልጠራነውም። አማቴ ስልኩን መልሰው ኪሳቸው ከተቱ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ የሚሠራ ስልክ ይዘን፣ ከሰው መሳቂያ ከመሆን የአሳማ ወጥመድ ውስጥ መዋል ይሻላል ብለን ተቀመጥን። ይሉኝታ ከእኔ መቀርቀሪያ ይልቅ አጥብቆ ይዞን ነበር።

ፀሐይዋ እየዞረች ሄደች። እግር የሚዘረጋበት ቦታ የለም፤ ወለሉ ፍርግርግ ስለሆነ ሲቀመጡበት ይቆርጣል። እሳቸው ባልዲው ላይ፣ እኔ ኮቴን አጥፌ። የኮመጠጠው በቆሎ ሽታ ከነዝንቡ ከቦናል።

"ይሄ ጥንስስ ነው" አሉ አማቴ አሸተቱና። "ለአሳማ ጠላ ትጠምቅላታለህ?"

ሥራው እንዴት እንደሆነ ነገርኳቸው። በሩ ተከፍቶ እንደሚቀለቡ፣ እስኪለምዱ ማንም እንደማይነካቸው፣ ከዚያ እንደሚዘጋባቸው።

"እኔንም እንዲህ ነው ያመጣችሁኝ" አሉ። "'ለጉብኝት ና አባዬ፣ ስትፈልግ ትመለሳለህ' አላችሁኝ። አንድ በረዶ አለፈ፤ ሐኪም ተገኘልህ አላችሁኝ። ሁለተኛው አለፈ፤ ቤት ተገኘልህ አላችሁኝ።"

"ይከፋዎታል?" አልኩ።

"አይ፣ በቆሎው ጥሩ ነው" አሉና ፈገግ አሉ። ፈገግታቸው ግን አልቆየም።

ያኔ ነው ጥሻው የተንኮሻኮሸው። መጀመሪያ አንዲት ትልቅ እናት አሳማ ብቅ አለች፤ ጥቁር፣ ጀርባዋ እንደ ብሩሽ የቆመ። ከኋላዋ መንጋው። ውጭ የተበተነውን በቆሎ እየለቀሙ ቀርበው በሩ ጋ ደረሱ። እናቲቱ አፍንጫዋን ፍርግርጉ ላይ አስጠግታ አማቴን አየቻቸው። አማቴ አማተቡ። አሸተተችን፣ አኮረፈችና ዞራ ልጆቿን ይዛ ሄደች።

"እነሱ ውጭ፣ እኛ ውስጥ" አሉ አማቴ።

"ከእንግዲህ እዚህ አይገቡም። አዩን።"

"እነሱስ አንዴ አይተው ይማራሉ" አሉ። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። "ለመሆኑ ይሄ ቴክሳስ ምን አለው? ለምንድነው መሄድ የፈለግከው?"

ለሌላ ሰው ቢሆን ስለ ገበያው እነግር ነበር። እዚያ ግን የምሄድበት ስለሌለኝ እውነቱን ተናገርኩ። ታፍኛለሁ አልኳቸው። ከቤት ወርክሾፕ፣ ከወርክሾፕ ቤት፤ መንገዱ ሳይቀር ዓይኔን ብጨፍን የማልስተው ሆኗል። በረዶው ሲመጣ ሰማዩ እንደ ድስት ክዳን ጭንቅላቴ ላይ ይገጠማል። ጭምብሉን አጥልቄ ስበይድ፣ አንድ ቀን እዚያው እንዳጎነበስኩ እንደማረጅ ይታየኛል፤ እፈራለሁ። መቀርቀሪያውን ስሠራ ለመጀመሪያ ጊዜ የሆነ በር የተከፈተልኝ መሰለኝ አልኳቸው። ይህን ብዬ አፈርኩ።

አማቴ ባልዲውን ወደኔ አስጠጉ። "ለሷ ይሄንን ነግረሃታል?"

"አይ።"

"በል ተወው፣ እኔ እነግራታለሁ። ውሰዳት። እኔም እከተላችኋለሁ፤ ለጉልበቴም ደግ ነው።"

ዘንበል ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ፤ ትከሻዬን ይዘው ቀና አደረጉኝ። ከዚያ ሁሉ ጊዜ በኋላ ነገሬ አለቀ፣ ደቀቀ። ወጥመድ ውስጥ መሆኔን እንኳ ረስቼው ነበር ማለት እችላለሁ። አማቴም አሁን የምሥራች ስላላቸው ለልጃቸው መደወል ነውር መስሎ አልታያቸውም። ስልኩን አወጡ፤ የምሥራቹን ስትመጣ ሊነግሯት አቆይተው፣ ወጥመድ ውስጥ መሆናችንንና መንገዱን ብቻ ነገሯት።

ከሆስፒታል የሥራ ልብሷን ሳትቀይር መጣች። በቆሎውን እየከፈለች ስትወጣ መጀመሪያ የፈራ ፊት ነበር የያዘችው። ሁለታችንም ደህና መሆናችንን አየች። አባቷን ባልዲ ላይ አየች፤ እኔን ዝንብ ስከላከል አየች። ከዚያ ሳቅ ያዛት። ሆዷን ይዛ፣ መሬት ላይ ቁጭ እስክትል ድረስ ሳቀች፤ እንባዋን ጠረገችና እንደገና ሳቀች። ከሄደች ወዲህ ሳቋን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበርና ለእኔ ሳቅ አልመጣልኝም፤ አንጀቴን በላኝ።

"እንዴት ነው የሚከፈተው?" አለች ተነስታ።

"ከላሜራው ሥር እጅሽን አስገቢ። ወደ ላይ አንሺና ወደራስሽ ሳቢው።"

እጇ ላሜራው ሥር ገባ። አማቴ ደስታቸው አላስቆም አላቸው። "ልጄ፣ ደስ ይበልሽ፣ ነገሩ አልቋል። ተስማምተናል። ትሄዳላችሁ፤ እኔም አብሬ።"

እጇ ቆመ።

"ማን ነው የተስማማው?"

"እኔና እሱ።"

እጇን ከላሜራው ሥር አወጣች፤ ቀስ ብላ በሱሪዋ ላይ ጠረገችው። ሳቁ ከፊቷ ላይ ጠፍቶ ነበር።

"ክፈቺውና እንነጋገር" አልኩ።

"አይ፣ እዚሁ ሁኑና ስሙኝ። ቤት ውስጥ ስናገር አንተ ተነስተህ ጋራዥ ትገባለህ። አባዬ፣ አንተ ደግሞ ቴሌቪዥኑን ከፍ ታደርጋለህ። አሁን የምትሄዱበት የላችሁም።"

እውነቷን ነበር። ተነስቼ የምገባበት ጋራዥ የለም።

"ቀን ሺፍት፣ ማታ ክላስ፣ በመሀል አባዬን ሐኪም ቤት ድራይቭ አደርጋለሁ" አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ከፍ ብታደርገው ይቀለኝ ነበር። "እሱ ይመጣና ሁሉንም አስቤ ጨርሻለሁ ይለኛል። አባዬ፣ አንተ ጋ ሸሽቼ ስመጣ ደግሞ፣ ሁለታችሁ የአሳማ ጎሬ ውስጥ ተቀምጣችሁ ተስማማችሁብኝ። አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ ያለኝ ሰው አለ? አንድ ሰው?"

ጥፋቷን ፈልጌ አጣሁ። ልቆጣ ፈለግሁ፤ እሱም እምቢ አለኝ።

አማቴ ከባልዲው ላይ ተነሱ። ጉልበታቸው እየተንቋቋ ቀጥ ብለው ቆሙ። ባርኔጣቸውን አወለቁና በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ ያዙት። ይህን አቋቋም አውቀዋለሁ፤ ሰው ደጃፍ ላይ የሚቆም ሽማግሌ አቋቋም ነው። እኔም ምን እንደምሠራ ሳላውቅ ከጎናቸው ቆምኩ።

"እንግዲህ ልጄ፣ ሽማግሌ አትላክ ብዬው ነበር፤ ተሳስቻለሁ" አሉ። "አሁን የእኔ ልጅ መሆንሽን ተይውና፣ ሽማግሌ ሆኜ ካንቺ ዘንድ ቆሜያለሁ። ይህ ሰው ያላንቺ መኖር አልቻለም። ምን ትፈልጊያለሽ? ፈቃድሽ ምንድነው?"

ዓይኗ ውኃ ሞላ። መሬት መሬት አየችና፣ "አላውቅም" አለች። "ሰው ጠይቆኝ ስለማያውቅ አላሰብኩበትም።" ከዚያ ቀና አለች። "ደግሞ ሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን መልስ አይሰጠውም። እንመክርበትና እንጠራችኋለን።"

"ከማን ጋር ነው የምትመክሪው?" አልኩ እኔ።

"ከራሴ ጋር።"

መቀርቀሪያውን አነሳችና ሳበችው። በሩ ለአንድ ሰው ከባድ ነው፤ እሷ ከውጭ ስትስብ፣ እኔ ከውስጥ ስገፋ ከፍ አለ። አማቴን ደግፌ አወጣሁ። እሷ ግን አልጠበቀችንም፤ በቆሎው ውስጥ ገብታ ሄደች፤ የመኪናዋን ድምፅ ሰማን። አማቴ ከእኔ ጋር ተመለሱ። እስከ አፕል ቫሊ ድረስ ስለ አነዳዴ አንድም ቃል አልተናገሩም።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ከወጥመዱ ውስጥ ይብስ ነበር። አለቃዬ መልስ ይፈልጋል፤ "ትንሽ ታገሰኝ" እለዋለሁ። ስልኬን ኪሴ ውስጥ ሳይሆን የብየዳ ጠረጴዛው ላይ፣ ዓይኔ ሥር ነበር የማስቀምጠው። በዚያ ሰሞን በሠራሁት ወጥመድ መቀርቀሪያ ላይ ከውስጥ በኩል የሚሳብ ሽቦ ጨመርኩበት፤ ከጣሪያው ሥር፣ አሳማ የማይደርስበት ቦታ። አለቃዬ ለማን ነው ብሎ ሳቀ። "ለሰው" አልኩት።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ደወለች። "እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ኑ" አለች። "ሽማግሌህን ይዘህ።"

ሽማግሌዬ የሚኖሩት እዚያው ቤት ውስጥ ነበር። እሁድ ደርሼ ፎቁን ስወጣ አማቴ የገዛ ቤታቸውን በር ከኋላቸው ዘግተው፣ ኮትና ባርኔጣ አድርገው ኮሪደሩ ላይ ይጠብቁኛል። "አስወጣችኝ" አሉ በሹክሹክታ። "ሽማግሌ ከውጭ ነው የሚመጣው አለችኝ።" ጎን ለጎን ቆመን አንኳኳን።

በሩ ተከፈተ። "ግቡ" አለች።

ልማድ ነውና አማቴን "ይቅደሙ" ልል አፌን ከፈትኩ። አማቴ ጀርባዬን ገፍተው አስገቡኝ።

ሁለቱ ወንበሮች መሀል ላይ ነበሩ፤ ተቀመጡ ግን አላለችንም። እሷም ቆማ ነበር።

"አስቤበታለሁ" አለች። "ትምህርቴን የማቋርጠው ለማንም ስል አይደለም፤ እዚሁ እጨርሳለሁ። ወደ ቤቴ መመለስ እፈልጋለሁ። ያ በርሜል ግን ከጋራዡ ይወጣል። ቴክሳስን በተመለከተ" አለችና ወደኔ ዞረች፤ "እንደታፈንክ አባዬ ነግሮኛል። ከአባዬ መስማት አልነበረብኝም። አላስርህም። አንተስ ምን ትፈልጋለህ?"

ለዚህ ጥያቄ ሺህ መልስ ነበረኝ፤ ወርክሾፑን፣ ሙቀቱን፣ የራሴን ጭምብል በራሴ ጣሪያ ሥር። እሷ ጠይቃኝ ግን አታውቅም ነበር፤ እኔም ነግሬያት አላውቅም። በመስኮቱ በኩል ሰማዩ ግራጫ ሆኖ ይታያል፤ በረዶው ደርሷል። ባርኔጣ ስላልነበረኝ እጆቼን ደረቴ ላይ አጣመርኩ።

"ልምከርበት" አልኩ።

"ከማን ጋር?"

"ካንቺ ጋር።"

ሁለቱን ወንበሮች ወደ እኛ አዞረቻቸው።

"ተቀመጡ" አለች።